ከዘይቱ በፊት ፋጉሎው፦ በግጦሽ ለምትኖር ላም ቅባት መቼ ይጠቅማል?

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ለአፍታ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ መኖ ነው፤ ከመኖም ስለ ቅባት። በጋው ሲገፋ፣ ሣሩ አልቆ የላሟ ጎድን መቆጠር ሲጀምር፣ «ዘይት ባጠጣትስ? ቶሎ አያነሳትም ወይ?» ብሎ የማያስብ አርቢ ጥቂት ነው። ዘይት ኃይል ይሰጣል፣ ጠጉር ያወዛል፣ ያደልባል ሲባል ኖሯልና። ለሚደልብ በሬ ተልባ መስጠትም በብዙ ቤት የታወቀ ነው። ሐሳቡ ከየትም የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ በቁም ነገር ልንመረምረው ይገባል።

የእኔን መልስ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ደግሞ አብረን እናያለን። በግጦሽና በጭድ ለምትኖር ላም ቅባት ከተጨማሪ መኖዎች ሁሉ የመጨረሻው ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በበጋ የሚጎድላት ገንቢው ምግብ፣ ማለትም ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ሳይሟላ የሚሰጣት ዘይት ገንዘብ ከማባከን አልፎ የበላችውን ጭድ እንኳ እንዳትፈጭ ያደርጋታል።

(አጭር የሙዚቃ ፋታ)

በመጀመሪያ ቅባትን የሚደግፈውን ክርክር በሙሉ ኃይሉ እንስማ። አንድ ኪሎ ቅባት የሚሰጠው ኃይል በክብደት እኩል ከሆነ የስታርች ምግብ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። አዲስ የወለደች ላም ደግሞ ኃይል ክፉኛ ያጥራታል። ወተቷ ከወለደች ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ጣራ ይደርሳል፤ የመብላት አቅሟ ግን ከዚያ ዘግይቶ ነው የሚሞላው። በመካከል ያለውን ጉድለት የምትሸፍነው ከገዛ ገላዋ ስብ እየቀነሰች ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ታላቢ ላም ከወለደች በኋላ የምትከሳው። ቅባት ሌላም ጥቅም አለው፤ በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚያወጣው ሙቀት ከጭድ ያነሰ ስለሆነ፣ እንደ አዋሽ ሸለቆ ባለ ቆላ ላም በሙቀት እንዳትጨነቅ ይረዳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ ላም እንደ ሰው ወይም እንደ ዶሮ አለመሆኗ ነው። ሰው ዘይት ሲበላ ዘይቱ በቀጥታ አንጀቱ ደርሶ ይፈጫል። የላም ምግብ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ነው። ይህን ጨጓራ እንደ ጠላ ጋን ቁጠሩት። በጋኑ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ጥንስሱ እንደሆነ ሁሉ፣ በላም ጨጓራም ሥራውን የሚሠሩት ዓይን የማያያቸው፣ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ጭዱን የሚሰብሩት እነርሱ ናቸው። ከጭዱ የሚወጣውን ኃይል ለላሟ የሚያቀብሉትም እነርሱ ናቸው። ይህ ብቻ አይደለም፤ ተራብተው ወደሚቀጥለው ጨጓራ ሲወርዱ የራሳቸው ገላ ለላሟ ዋነኛው የፕሮቲን ምግብ ይሆናል። እንግዲህ ላም ስናበላ በቅድሚያ የምናበላው እነዚህን ተሕዋስያን ነው። ይህን ነገር ደግሜ ልበለው፤ የዛሬው ክርክር በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና። ላም ስናበላ በቅድሚያ የምናበላው ጨጓራዋ ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያን ነው።

እነዚህ ተሕዋስያን ደግሞ በቅባት አይኖሩም። ለመራባት የሚያስፈልጋቸውን ኃይል ከቅባት ማውጣት አይችሉም። ይባስ ብሎ ፈሳሽ ዘይት፣ በተለይ የእኛ አገር የኑግ፣ የተልባና የሱፍ ዘይት፣ ጭድ ሰባሪዎቹን ይመርዛቸዋል። ከኑግ ዘይት ከመቶ ሰባ የሚበልጠው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው፣ በቀዝቃዛ አየር እንኳ የማይረጋ የቅባት ዓይነት ነው። ለሰው ጤና የሚመሰገነውም በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ለጨጓራ ተሕዋስያን ግን ገላቸውን የሸፈነውን ስስ ሽፋን የሚያፈርስ ጠላት ነው። እነርሱም ዝም ብለው አይሞቱም፤ ራሳቸውን ለመከላከል ይህን ፈሳሽ ቅባት እየለወጡ ወደሚረጋ ቅባት ያዞሩታል። የኑግ ዘይት የጠጣች ላም ቅቤ እንደ ኑግ ዘይት ፈሳሽ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት በጥቂት ከመጣ ይወጡታል። ባንድ ጊዜ ሲፈስባቸው ግን አቅም ያንሳቸዋል፤ በዚያ ላይ ዘይቱ ጭዱን ስለሚለብሰው ተጠግተው መሥራት ይሳናቸዋል።

(ፋታ)

ከዚያስ ምን ይከተላል? ጭዱ ሳይሰበር ጨጓራ ውስጥ ይቆያል። ጨጓራው ሳይጎድል ላሟ እንደገና መብላት አትችልም፤ ስለዚህ ግጦሽ ላይ ቆማ ሣር ትተዋለች። ባለቤቱ ይህን የሚያይበት ቦታ እበቷ ነው። ዘይት ከጀመራችሁ በኋላ እበቷን በእንጨት ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ረዣዥም፣ ገና መልኩ ያልጠፋ ጭድ ከታየበት፣ ከወትሮው ቀጥኖም የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ዘይቱ ሥራ እያበላሸ ነው። ማመስኳቷንም አስተውሉ። በደህናው ቀን ጥላ ሥር ተኝታ ለሰዓታት የምታመሰኳ ላም ካቋረጠች፣ ነገሩ ደህና አይደለም። በአንድ ብርጭቆ ዘይት ያገኘነውን ኃይል፣ ሳይፈጭ በወጣው ጭድ መልሰን አጣነው ማለት ነው።

ልኩ ስንት ነው ትሉኝ ይሆናል። በእንስሳት አመጋገብ ትምህርት የሚታወቀው ልክ፣ ላሟ በቀን ከምትበላው ደረቅ መኖ ውስጥ ቅባት ሁሉ ተደምሮ ከመቶ አምስት ወይም ስድስት እጅ እንዳይበልጥ ነው። ይህን ወደ በረት እናምጣው። ሦስት መቶ ኪሎ የምትመዝን ያገራችን ላም በቀን ስምንት ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። ልኩን አምስት እጅ ብናደርገው 400 ግራም ቅባት ነው። ሣሩና ድርቆሹ ራሱ ቅባት አለው፤ ጥቂት ቢሆንም ወደ 160 ግራም ይደርሳል። የቀረው ቦታ 240 ግራም ነው። አሁን በመንደር መጭመቂያ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ የኑግ ፋጉሎ ሁለት ኪሎ ሰጠናት። መጭመቂያው ዘይቱን ጨርሶ ስለማያወጣው በዚያ ፋጉሎ ውስጥ ከ160 እስከ 200 ግራም ዘይት ይኖራል። ቦታው ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው! ከዚህ በላይ የሚፈስ ዘይት የት ሊገባ ነው?

ፋጉሎ የምትበላ ላም ቅባት እየበላች ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቆጥረውም። «ፋጉሎ ሰጠሁ፣ አሁን ደግሞ ዘይት ልጨምር» ሲል ሁለት ጊዜ ቅባት እየሰጠ መሆኑን አያስተውልም። የላሟን መሻሻል አይቶ ምስጋናውን ለዘይቱ ቢሰጥም አይፈረድበትም፤ የፋጉሎው ትልቁ ጸጋ ግን ፕሮቲኑ ነው፤ ዘይቱ በልክ የመጣ ጭማሪ ነው።

(የላም ድምፅ፤ ቀጥሎ አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንለፍ። የመጀመሪያው፣ «በውጭ አገር ግጦሽ ላይ ላሉ ላሞች ቅባት ተሰጥቶ ወተት ጨምሯል ይባላል፤ አንተ ለምን ትከለክለናለህ?» የሚለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነትም ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የምርምር ቅኝት በግጦሽ ላይ በሚውሉ የወተት ላሞች የተደረጉ ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ቅባት የተጨመረላቸው ላሞች በቀን በአማካይ አንድ ኪሎ ገደማ ወተት ጨምረው ተገኝተዋል። ነገር ግን እነዚያ ላሞች እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ሆልስታይን የሚባሉ የፈረንጅ ላሞች ናቸው፤ የሚውሉት በለምለም፣ ፕሮቲኑ በተትረፈረፈ ግጦሽ ላይ ነው፤ እህልም ይጨመርላቸዋል። ፕሮቲኑ ሞልቶ፣ ተሕዋስያኑ ጠግበው፣ የጎደለው ኃይል ብቻ ሲሆን ቅባት ይሠራል። የእኛ የየካቲት ግጦሽ ግን እንደዚያ ነው ወይ?

አይደለም። መኖ ከመቶ ሰባት እጅ ፕሮቲን ካነሰው የጨጓራ ተሕዋስያን መራብ ይጀምራሉ። የደጋው የተፈጥሮ ግጦሽ በበጋ ከዚህ በታች ይወርዳል፤ የጤፍና የስንዴ ጭድማ ከመጀመሪያውም ከዚህ በታች ነው። እንግዲህ በበጋ በጭድ ላይ ያለች ላም ተሕዋስያኗ ተርበዋል። በተራቡት ላይ ዘይት ስናፈስባቸው ምግብ አልሰጠናቸውም፤ የቀራቸውንም አቅም ነሳናቸው። በነሐሴ ለምለም ሣር ላይ ያለችው ላም ደግሞ በተቃራኒው ፕሮቲን አላጣችም፤ ነገር ግን ለምለም ሣር የራሱ ቅባት አለው፣ ከድርቆሽ ይበልጣል፣ እሱም ፈሳሽ ዓይነቱ ነው። ስለዚህ በክረምትም ቢሆን የቀረው ቦታ ጠባብ ነው። ያው የ2004ቱ ቅኝት ሌላም ነገር አሳይቷል፦ ፈሳሽ የዘይት ዓይነት የተሰጣቸው ላሞች ወተታቸው በቅባቱ ከመቶ ስምንት እጅ ገደማ ሳስቷል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ሳላብራራ አላልፍም። በገጠሩ አብዛኛው ወተት የሚሸጠው በቅቤ መልክ ነው፤ ተንጦ፣ ተለውሶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል። ያገራችን ላም በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብትሰጥም፣ ወተቷ በቅባት ከፈረንጅ ላም ወተት ይልቅ የበለጸገ ነው። ተሕዋስያኑ ፈሳሹን ዘይት ወደሚረጋው ሲለውጡ ሥራው በግማሽ መንገድ ከቀረ፣ በመካከል የሚፈጠሩ አንዳንድ ቅባቶች ወደ ጡቷ ደርሰው የወተት ቅባት መሥራቱን ያዳክሙታል። ይህ የሚብሰው ጭድና ሣር አንሶ ዱቄትና ፉርሽካ ሲበዛ ነው። ወተት በሊትር የሚያስረክብ የከተማ አርቢ ላያስተውለው ይችላል። ቅቤ የምታወጣዋ እናት ግን ወዲያው ታውቀዋለች፤ ጭቅጭቁም እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚጀመረው። ዘይት ሰጥቶ ቅቤ ማጣት ማን ይፈልጋል?

(ፋታ)

ሁለተኛው ተቃውሞ ከከተማ ዙሪያ አርቢዎች የሚመጣ ነው። «ዘይቱ ተሕዋስያንን የሚጎዳ ከሆነ፣ የማይጎዳ ተብሎ የተሠራ ቅባት አለ አይደል?» ይላሉ። አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኦሃዮ ተመራማሪዎች ቅባትን ከካልሲየም ጋር አዋሕደው እንደ ሳሙና ያለ ደረቅ ነገር ሠሩ። ይህ በትልቁ ጨጓራ ውስጥ እምብዛም ሳይሟሟ ያልፍና፣ ኮምጣጣ አሲድ ያለበት አራተኛው ጨጓራ ሲደርስ ይፈታል። ተሕዋስያኑን ሳይነካ ላሟን ይመግባል ማለት ነው። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ሥራውም ተረጋግጧል። ከቢሾፍቱ እስከ ሱሉልታ በቀን ሃያ ሊትር የምትታለብ ዲቃላ ላም ለያዘ፣ ፕሮቲኑንም፣ ድርቆሹንም፣ ማዕድኑንም ላሟላ፣ ከወለደች በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ሒሳቡን ሠርቶ ቢያዋጣው ይስጣት፤ አልቃወምም። ሁለት ሊትር ለምትሰጥ ላም ግን ከውጭ በዶላር የሚመጣ ቅባት መግዛት ወጪውን አይመልስም። የወተት አቅሟ በዘሯ የተወሰነ ነው፤ የተረፈው ኃይል ወደ ገላዋ ይሄዳል እንጂ ወደ ጡቷ አይሄድም።

ሦስተኛው ሞራ ነው። «ሞራ የሚረጋ ቅባት ነው፤ እንግዲያው ተሕዋስያንን አይጎዳም» የሚል ሰው በሳይንሱ በኩል አልተሳሳተም፤ የሚረጋ ቅባት ከፈሳሹ ይልቅ ለጨጓራ የዋህ ነው። ነገር ግን የላምን ተረፈ ምርት ለላም ማብላት ብሪታንያን ምን እንዳደረጋት አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1986 እዚያ የታወቀው የእብድ ላም በሽታ የተስፋፋው ከሥጋና ከአጥንት ዱቄት በተሠራ መኖ ነበር፤ በ1988 እንዲህ ያለውን መኖ ለሚያመሰኩ እንስሳት መስጠት በሕግ ታገደ። ከቄራ የሚወጣ፣ ከሥጋና ከነርቭ ጋር የተቀላቀለ ሞራ ወደ ላም አፍ ባይገባ ይሻላል። ከምግብ ቤት የሚወጣ ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይትም እንደዚሁ ነው፤ የተበላሸ ቅባት ላሟን መኖ ያስጠላታል።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

እሺ፣ ቅባት በምን መልክ ይሰጥ? ከፈሳሽ ዘይት ይልቅ በፍሬው ውስጥ ወይም በፋጉሎው ውስጥ ያለ ቅባት ይመረጣል። የጥጥ ፍሬ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ፍሬው ሳይፈጭ እንዳለ ሲሰጥ፣ ዘይቱ በቅርፊቱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቆይ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ተሕዋስያኑም ለመለማመድ ጊዜ ያገኛሉ። በፍሬው ውስጥ ፕሮቲንም አለ። የጥጥ እርሻ ባለበት አካባቢ ላላችሁ ይህ ዕድል ቅርብ ነው። ያገር ላም ከሆነች በቀን ከአንድ ኪሎ አይብለጥ፤ ለጥጆች ግን ጨርሶ አይሰጥ፤ በጥጥ ፍሬ ውስጥ ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለ፣ ትልቅ ላም በጨጓራዋ ታከሽፈዋለች፣ ጨጓራው ገና ያልዳበረ ጥጃ ግን አይችለውም።

ለአብዛኞቻችን የሚቀርበው ግን የኑግ ፋጉሎ ነው፤ ስለዚህ አመራረጡን ላንሣ። ከነጋዴው ፊት አንድ ቁራጭ ፋጉሎ አንሥታችሁ በእጃችሁ ስበሩት። ውስጡ እንደ ውጭው ጠቆር ያለና ደረቅ ሊሆን ይገባል። አሽትቱት፤ የኑግ ሽታ ካለው ደህና ነው፤ የምድር ቤት እርጥበት ወይም የከረመ ዘይት ሽታ ካለው ተዉት። በስብራቱ መካከል አመድማ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ በቅናሽ ቢሰጧችሁም አትግዙት። ለምን? ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ስለሚያወጣ፣ መርዙም በወተት አልፎ ወደ ልጆቻችን ስለሚደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተደረገ ጥናት በመረመራቸው የወተት ናሙናዎች ሁሉ ይህን መርዝ አግኝቷል፤ መጠኑ ቢለያይም። ከመኖዎቹ መካከል ጣት የተቀሰረበትም የኑግ ፋጉሎ ነበር። የተገዛውን ፋጉሎ ደግሞ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አራርቃችሁ አስቀምጡት፤ ለክረምት ብላችሁ ብዙ አትከምሩ።

አሰጣጡ ላይ ችኮላ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ኪሎ፣ ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉው ልክ ይደረስ። የቀኑን ድርሻ በጧትና በማታ አለባ ክፈሉት፤ ከፉርሽካ ጋር ቢቀላቀል ይመረጣል። ከሁሉ በፊት ግን ሣር፣ ድርቆሽ ወይም ጭድ ትብላ፤ በባዶ ጨጓራ ላይ የሚወርድ ቅባት ነው የሚጎዳው። ጨውና ንጹሕ ውኃ አይለያት። ካልሲየምም እንዲሁ፤ ቅባት በጨጓራ ውስጥ ካልሲየምን ይዞ ይወጣልና።

«ፋጉሎም እኮ ተወደደ!» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ተወዷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የፋጉሎ መወደድ ዘይትን ተገቢ አያደርገውም፤ ዘይቱም ከፋጉሎው ይልቅ ውድ ነው። ፕሮቲን በርካሽ የሚገኝባቸው ሌሎች መንገዶች አሉ። በአጥር ዙሪያ የሚተከል ሰስባኒያ ወይም ሉኪንያ፣ ውኃ ላለው አልፋልፋ፣ በበቆሎው መካከል የሚዘራ ላብላብ፣ የባቄላና የአተር ገለባ ሳይቀር ከጤፍ ጭድ ይልቅ በፕሮቲን ይሻላሉ። ጭድን በዩሪያ ማከምም አለ። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ላሟም አዲስ የወለደች፣ በደንብ የምትታለብ ሆና አሁንም የምትከሳ ከሆነ፣ የቅባት ጥያቄ ያን ጊዜ ይነሣ፤ በወረዳችሁ ካለው የእንስሳት ባለሙያ ጋርም ተማከሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

በሚቀጥለው ሳምንት የምንመለሰው በዚሁ ጭድን በዩሪያ በማከም ነገር ላይ ነው። ልታዘጋጁ የምትፈልጉ አንድ መቶ ኪሎ ጭድ፣ አምስት ኪሎ ዩሪያ፣ አየር የማያስገባ ላስቲክና ሚዛን አሰናዱ። ሚዛኑን አትርሱ፣ በግምት አይሠራም። ዩሪያ ልኩን ካለፈ ላም ይገድላል፤ ስለዚህ ዝግጅቱን ሳትሰሙ እንዳትጀምሩት አደራ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።